የመንገደኛ ምስጢር አደራ ነው

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር በሚሄድበት ጊዜ ቤቱን ለጎረቤት፥ ከብቱን ለዘመድ፥ ገንዘቡን ለታመነ ወዳጅ አደራ ሰጥቶ መሄዱ በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። አደራ ተቀባዩም የተረከበውን ነገር ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ እንደ ነበረ ጠብቆ ያስረክባል እንጂ እንደ ራሱ ገንዘብ አያዝዝበትም። «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» የተባለውም የአደራን ክብደት ለማስታወቅ ነው። በዚህ ዘመን ግን መንገደኛ ከቤቱና ከከብቱ በላይ አንድ አዲስ አደራ ይሰጣል፤ ይኸውም ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ነው።

በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ትኬት በሚቈርጥበት ጊዜ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፥ የተወለደበትን ቀን፥ የፓስፖርቱንና የስልኩን ቍጥር፥ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ቀን ያስመዘግባል። ሕመምተኛ የሆነ እንደ ሆነ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲቀርብለት ሲል ሕመሙን ይናገራል፤ ጾመኛም የሆነ እንደ ሆነ የጾም ምግብ እንዲዘጋጅለት ሲያሳስብ ሃይማኖቱን ይገልጣል። ለጎረቤቱ እንኳ የማይነግረውን ነገር ፊቱን አይቶት ለማያውቅ ጸሐፊ ይነግራል። ይህንንም የሚያደርገው ካልነገረ መሄድ ስለማይችል ነው። እንግዲህ በውድ ከሚሰጥ አደራ ይልቅ በግድ የሚሰጥ አደራ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው መሆኑን አስተዋይ ሰው አይስተውም።

ይህ አደራ ሳይታሰብ ወደ ባዕድ እጅ ሊገባ እንደሚችል በ2016 ዓ.ም. በአውስትራሊያ የሆነው ነገር ያስረዳል። በሚያዝያ 23 ቀን ኳንታስ የሚባለው የዚያ አገር አየር መንገድ ደንበኞች በእጅ ስልካቸው ያለውን የአየር መንገዱን መተግበሪያ በከፈቱ ጊዜ፥ የራሳቸው መዝገብ በመምጣት ፈንታ የማያውቁት ሰው ስም፥ የጉዞ ቀን፥ የመሳፈሪያውም ወረቀት ጭምር ታያቸው። አየር መንገዱም ነገሩ የሌባ ሥራ እንዳልሆነና ምናልባት በቅርብ ጊዜ በመሣሪያዎቹ አሠራር ላይ ከተደረገ ለውጥ የመጣ ስሕተት እንደ ሆነ ገልጦ ደንበኞቹን ይቅርታ ጠየቀ። የገንዘብ መክፈያ ምስጢር አለመታየቱንም አስታወቀ።

በዚህ ነገር ውስጥ ሊታሰብበት የሚገባው፥ በሩን የሰበረ ወንበዴ አለመኖሩ ነው። በሩን የከፈተው ዘበኛው ራሱ ነው። ስለዚህ የመንገደኛን ምስጢር የሚያሠጋው የሌባ ተንኰል ብቻ ነው ብሎ፥ ቍልፍ በማብዛትና ግንብ በማጥበቅ ብቻ ነገሩ ይፈጸማል የሚል ሹም ቢኖር፥ ከነገሩ እኩሌታውን ብቻ ያየ ነው። ቀሪው እኩሌታ የጸሐፊ እጅ፥ የስም መመሳሰል፥ የአድራሻ መሳሳት፥ የመሣሪያም መታወክ ነው።

አንዳንድ ሰው ግን «ስምና የጉዞ ቀን ቢታይ ምን ጉዳት ያመጣል? ሰውዬው መሄዱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። በባሕር ዳር ከተማ በሹም አቦ ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው ወደ ውጭ አገር ሊሄድ በተነሣ ጊዜ ጎረቤቱ ሊሰናበተው ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ መንገዱም እንዲቃና ይመረቃል። ነገር ግን ጎረቤት የሚያውቀው በሚታወቅ ሰው ፊት ነው። እርሱ የሌላውን እንደሚያውቅ ሌላውም የእርሱን ያውቃል፤ ክፉም ቢያደርግ በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል። መዝገቡ የተላከለት ባዕድ ሰው ግን ባለቤቱን ሲያውቅ ባለቤቱ እርሱን አያውቀውም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ መበላለጥ ነው።

ጉዳቱም በምሳሌ ቢታይ እንዲህ ነው። ልጇን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የላከች አንዲት እናት፥ ልጅዋ በመንገድ ላይ ሳለች ስልኳ ቢጮህና አንድ ሰው የልጅቱን ሙሉ ስም፥ የፓስፖርቷን ቍጥር፥ የተሳፈረችበትን ሰዓት አንድ በአንድ ጠርቶ «ልጅሽ በአውሮፕላን ማረፊያ ተይዛለችና ቶሎ ገንዘብ ላኪ» ቢላት፥ ያች እናት እንዴት ትጠራጠራለች? አታላዩ እንዲታመን የሚያደርገው እውነተኛው ቃል ነው፤ ያ እውነተኛ ቃል ደግሞ የወጣው በአደራ ከተሰጠው መዝገብ ነው። እንደዚሁም የቤቱ ባለቤት የሚመለስበትን ቀን የሚያውቅ ሌባ፥ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ቀን ቈጥሮ ያውቃል። በሕመሙ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚሄድ ሰውም ምስጢሩ ቢታወቅ በሥራውና በትዳሩ ላይ ሐሜት ሊነሣበት ይችላል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፥ አንድ ጊዜ የወጣ ምስጢር በይቅርታ ደብዳቤ አይመለስም።

ከዚህም በቀር የመንገደኛ ወረቀት ራሱ ቍልፍ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። አየር መንገዶች ለእያንዳንዱ ጉዞ ስድስት ፊደልና አኃዝ ያለበት መለያ ይሰጣሉ። ይህን መለያና የመንገደኛውን የመጨረሻ ስም የያዘ ሰው በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ የጉዞውን መዝገብ ሊከፍት፥ አንዳንድ ጊዜም ጉዞውን ሊለውጥ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ካርስተን ኖል የተባለው የምስጢር ጥበቃ ዐዋቂ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ይህን ድካም ለዓለም አሳይቶአል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቶኒ አቦት ቦርዲንግ ፓስ የሚባለውን የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን ፎቶግራፍ በኢንስታግራም ባወጡ ጊዜ፥ አንድ ወጣት በወረቀቱ ላይ ባለው መለያ የፓስፖርታቸውንና የስልካቸውን ቍጥር ለማግኘት ቻለ። ወጣቱ ግን ያገኘውን ለክፉ አላዋለውም፤ ነገሩን ለሚመለከታቸው አስታውቆ፥ ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ታሪኩን ለሰው ነገረ። የመንግሥት መሪ የነበረ ሰው እንኳ በአንዲት ወረቀት ይህን ያህል ከተጋለጠ፥ ይህንን የሚያስረዳው ሰው የሌለው ተራ መንገደኛ ምን ያህል ሊጋለጥ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ስሕተትና ስርቆት በፍርድ ፊት አንድ አይደሉም። ለተጐዳው ሰው ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ ይኸውም «መቼ ነገራችሁኝ?» የሚለው ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ የሚገኘው ካቴይ ፓስፊክ የሚባል አየር መንገድ በመዝገቡ ላይ አጠራጣሪ ነገር አገኘ፤ ለሕዝብ ያስታወቀው ግን በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነበር። የተነካውም የ9 ሚሊዮን 400 ሺህ መንገደኞች መረጃ ነው። በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ መንገደኞቹ ምስጢራቸው መውጣቱን ሳያውቁ፥ ሊጠነቀቁ ሲችሉ ሳይጠነቀቁ ቆዩ። እንደዚሁም በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ከ400 ሺህ የሚበልጡ ደንበኞች መረጃ በወንበዴዎች እጅ በመግባቱ፥ የእንግሊዝ አገር የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. 20 ሚሊዮን ፓውንድ መቀጮ ጣለበት። የአውሮፓ ኅብረትም ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፥ እንዲህ ያለ ጥፋት የደረሰበት ድርጅት ማወቁን ካረጋገጠበት ሰዓት አንሥቶ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ አዝዞአል። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ፍርዱ ወደ አንድ ነገር እያዘነበለ ነው፤ መሳሳት ሊታገሥ ይችላል፥ ተሳስቶ መደበቅ ግን አይታገሥም።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ ተጀምሮ፥ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ፥ የታሸገ ደብዳቤ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ሳይከፈት የሚደርስ መሆኑ የሥራው መሠረት ነበር። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም በሕግ ከተወሰነው በቀር የሕዝቡን የደብዳቤ ምስጢር ማንም ሊደፍር እንደማይገባ ደንግጎአል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ሲያስከብር፥ በፖስታ ከሚላክ ደብዳቤ ጋር በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት አብሮ ጠብቆአል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቶ፥ የመቈጣጠሩ ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቶአል፤ መረጃ የያዘ ድርጅትም ጥፋት በደረሰ ጊዜ ለባለሥልጣኑ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። እነሆ የኳንታስ መንገደኞች መዝገብ በተደበላለቀበት ዓመት ኢትዮጵያ ሕጓን አበጅታለች። ሕግ ሳይኖር ቢጠፋ ሕግ ጠፋ ተብሎ ማማካኘት ይቻል ነበር፤ ሕግ ከወጣ በኋላ ግን ማማካኛ የለም።

ዳሩ ግን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ መውጣቱ ብቻ አይበቃም። አዋጁ በትኬት መስኮቱ ዘንድ፥ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሥራ ካልሠራ፥ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይልቁንም በኢትዮጵያ ለስሕተት የሚያጋልጡ የራስዋ የሆኑ ምክንያቶች ስላሉ ነገሩ ትኵረት ያሻዋል።

የመጀመሪያው ምክንያት ስም ነው። በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ነው እንጂ እንደ አውሮፓ በቤተ ሰብ ስም አይደለም። ስለዚህ የውጭ አገር መሣሪያ «የመጨረሻ ስም» ብሎ በጠየቀ ጊዜ አንዱ ጸሐፊ የአባትን፥ ሌላው የአያትን ስም ያገባል። አበበ ከበደ የሚባል ሰውም በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። ከዚህም በላይ «ጸ»ን፥ «ጠ»ን፥ «ቀ»ንና «ጨ»ን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ሁሉም የተስማማበት አንድ መንገድ ስለሌለ፥ የአንዱ ሰው ስም በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዐይነት ተጽፎ ይገኛል። ገብረ ማርያምና ወልደ ጊዮርጊስ የመሰሉትም ስሞች አንድ ጊዜ በአንድ ቃል፥ አንድ ጊዜ በሁለት ቃል ይጻፋሉ። አንዱ ሰው ሁለት ሲመስል፥ ሁለቱም ሰዎች አንድ ሲመስሉ፥ የአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መሄዱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት የዘመን አቈጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓው ዘመን በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፥ ቀኑን የሚያዛውረው ሰው ትንሽ ቢዘነጋ የልደት ቀን ይለወጣል። በጳጉሜን የተወለደማ ወሩ ራሱ በሌላው አቈጣጠር ስሙ እንኳ ስለሌለ ይበልጥ ይቸገራል። ስምን በስም ለመለየት ያልተቻለ እንደ ሆነ የሚለየው በልደት ቀን ነውና፥ ሁለቱ በአንድነት የተበላሹ እንደ ሆነ መለያው ጠፋ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አድራሻ ነው። የኤሌክትሮኒክስ መልእክት መቀበያ የሌለው መንገደኛ ትኬት ሲያስቈርጥ፥ ወኪሉ ሥራው እንዲፈጥን ብሎ የራሱን ወይም የወንድሙን ልጅ አድራሻ ያስገባለት እንደ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማስታወቂያ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። የስልክም ቍጥር አሮጌው ባለቤት ትቶት ለአዲስ ሰው የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ መዝገቡ ያልታደሰ እንደ ሆነ የአሮጌው ምስጢር ለአዲሱ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ክፉ በሚያስብ ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሊረዳ በሚፈልግ ቅን ሰው እጅ ነው። ስለዚህም ከቅንነት ጋር ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሥርዓቱ ምን እንዲሆን ይገባል ቢባል፥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ ለጉዞው የማያስፈልገውን ነገር አለመጠየቅ ነው፤ ያልተቀበሉት አደራ አይጠፋምና። ሁለተኛ፥ ጸሐፊው የጻፈውን ስም፥ የልደት ቀንና አድራሻ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ለባለቤቱ በአማርኛ ወይም በሚሰማው ቋንቋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማንበብና «ይህ ትክክል ነው» ማሰኘት ነው። ይህ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ የብዙ ቀን ጣጣ ያስቀራል። ሦስተኛ፥ ስሕተት የደረሰ እንደ ሆነ ለባለቤቱ ሳይውል ሳያድር ማስታወቅ ነው። ማስታወቂያውም «አንዳንድ ችግር አጋጥሞ ነበር» የሚል ድፍን ቃል እንዳይሆን፥ ምን እንደ ወጣ፥ ለማን እንደ ደረሰ፥ ባለቤቱም ከምን እንዲጠነቀቅ የሚገልጥ መሆን አለበት። አራተኛ፥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የስሕተት መዝገብ ይዞ፥ የተደረገውን ስሕተት ከነምክንያቱ ጽፎ፥ በየጊዜው መመርመር ነው። ያልተጻፈ ስሕተት ይደገማል።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል። «ጸሐፊ ስሕተቱን ከተናገረ ይቀጣል፤ ስለሚቀጣም ይደብቃል፤ ስለዚህ ቅጣት በበዛ ቍጥር ምስጢሩ ይበልጥ ይሸሸጋል» የሚሉ አሉ። ይህ ቃል እውነት አለበት። ስለዚህ ሹማምንት ሁለቱን ነገር ለይተው ሊፈርዱ ይገባል፤ ተሳስቶ በዚያው ቀን የተናገረውን በምክርና በትምህርት፥ ተሳስቶ የሸሸገውን ግን በሕግ ቅጣት። ደግሞም የታችኛውን ጸሐፊ ብቻ እየቀጡ፥ ሥራውን ሳያስተምሩ በመስኮት ላይ ያስቀመጡትን አለቃ መተው ፍርድ አይሆንም። አለቃው የሚመሰገነው በመሥሪያ ቤቱ ስሕተት አለመሰማቱ ብቻ ታይቶ እንዳይሆን፥ የደረሰው ስሕተት በምን ያህል ፍጥነት እንደ ተነገረና እንደ ታረመ ሊመዘን ይገባል።

«ሀገሪቱ ከዚህ የሚበልጥ ስንት ችግር እያለባት ስለ ትኬት ወረቀት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። ዳሩ ግን ድኻ ሰው አንዲቱ ስልኩና አንዲቱ የባንክ ደብተሩ ሀብቱ ሁሉ ናቸው። ባለጸጋ ቢታለል ከቀረው ይኖራል፤ ድኻ ቢታለል ግን ምንም አይቀረው። እንግዲህ ምስጢርን መጠበቅ ከባለጸጋው ይልቅ ለድኻው የሚሆን ጥበቃ ነው። በአሁኑም ጊዜ ትኬት፥ የባንክ ሒሳብ፥ የስልክ ቍጥርና ፋይዳ የሚባለው የመታወቂያ ቍጥር እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ስለሄዱ፥ በአንዱ የገባ ስሕተት በሌላው መውጣቱ ቀላል ሆኖአል። ዛሬ በትንሹ ያልተማረ ጥንቃቄ ነገ በትልቁ አይገኝም።

ጥንቃቄው የመሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ወረቀት በስሕተት የደረሰው ሰውም ድርሻ አለው። የማያውቀው ሰው ትኬት በስልኩ የመጣለት ሰው፥ ለባልንጀራው ሊያሳይ ወይም ፎቶግራፉን ሊያዛውር አይገባውም። ለላከው መሥሪያ ቤት አስታውቆ ከስልኩ ሊያጠፋው ይገባል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ወረቀቱ የተጻፈበትን አለመልቀቁ ጠባዩ ነው፥ ሰው ግን የእርሱ ያልሆነውን መልቀቅ ይችላል። የአውስትራሊያው ወጣት ያደረገው ይህንኑ ነው።

በዚህም ነገር የካህናት ሥፍራ ታላቅ ነው። ምስጢርን መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ከንስሐ አባት የበለጠ የሚያውቅ የለም። የንስሐ ልጁ የነገረውን ቃል ለሚስቱም ለወንድሙም አይናገርም፤ ይዞት ይኖራል፥ ይዞትም ይሞታል። በጣና ደሴቶች ባሉት ገዳማት፥ በክብራን ገብርኤልም በዳጋ እስጢፋኖስም፥ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ብዙ ዘመን አልፎባቸው እስከ ዛሬ የደረሱት፥ ዕቃ ቤት ጠባቂው የተረከበውን የእኔ ነው ሳይል ለተተኪው እያስረከበ በማለፉ ነው። ይህ የአደራ ጠባይ በትኬት መስኮት ላይ ለተቀመጠውም ጸሐፊ የሚበጅ ነው።

ደግሞም ካህናት ራሳቸው መዝገብ ያዦች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። የጥምቀት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄዱ ምእመናንም በማኅበር ሲጓዙ፥ ስማቸውና የፓስፖርታቸው ቍጥር በአንድ ዝርዝር ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ይህ ዝርዝር በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም ለማኅበርተኛው ሁሉ በስልክ የሚበተን እንደ ሆነ፥ የአንዱ ምስጢር ለሁሉ ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ እንዲያይ፥ ጉዞውም ሲፈጸም ዝርዝሩ እንዲጠፋ ማድረግ ለደብር አስተዳዳሪ ከባድ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያደረገ ካህን በዐውደ ምሕረት ስለ አደራ ሲያስተምር ትምህርቱ በሥራው የተደገፈ ይሆናል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ ወደ ካይሮ ከበረረ ወዲህ፥ ሕዝቡ ነፍሱን በክንፉ ላይ አምኖ መስጠትን ለምዶአል። ዛሬ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ያህል አዲስ አበባ የሚደርስ መንገደኛ፥ ከዚያም ወደ ዓለም ሁሉ የሚሄድ፥ ከነፍሱና ከሻንጣው ጋር ስሙንና ምስጢሩን ያሳፍራል። ሻንጣ ቢጠፋ ይፈለጋል፥ ካልተገኘም ካሣ ይከፈላል። ምስጢር ግን አንድ ጊዜ ወደ ባዕድ እጅ ከገባ ተፈልጎ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ ወጥቶአል፥ ተቈጣጣሪውም ተሾሞአል፤ የሚቀረው በየመስኮቱ ያለው ሹምና ጸሐፊ የሰውን ስም በጻፈ ቍጥር አደራ መቀበሉን ማሰቡ፥ በተሳሳተም ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለባለቤቱ መናገሩ ነው።